የፈረሰ ተራራ ዘመን ከማዕድን እንዴት ይነበባል? በትግራይና በደቡብ ኢትዮጵያ ዐለቶች የተደገፈ መመሪያ

ስለ ጥንታዊ ተራራ ሲነሣ ብዙ ሰው ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ዳሸንን ያስባል። ይሁን እንጂ የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈሰሰ የተከመረ የእሳተ ገሞራ ዐለት ናቸው፤ በአህጉራት ግጭት ተጨምቀው የተነሡ አይደሉም። በግጭት የተነሣው ሰንሰለት ከእነርሱ ሃያ እጥፍ ያህል ዕድሜ አለው። ጫፉ ተሸርሽሮ ካለቀ እጅግ ቆይቷል፤ ሥሩ ግን በትግራይ፣ በወለጋ፣ በቤኒሻንጉል፣ በጉጂና በቦረና ምድር ላይ ተገልጦ ይታያል። ጂኦሎጂስቶች የምሥራቅ አፍሪካ ኦሮጀን የሚሉት ይህ ሰንሰለት ከዐረቢያና ከሲና ተነሥቶ በኤርትራ፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አልፎ እስከ ሞዛምቢክና ማዳጋስካር ይዘልቅ ነበር። የደቡቡን ክፍል አርተር ሆምስ እ.ኤ.አ. በ1951 የሞዛምቢክ ቀበቶ ብሎ ሰየመው፤ ሰሜኑ ደግሞ የዐረቢያና የኑቢያ ጋሻ ተብሎ ይታወቃል። ኢትዮጵያ የምትገኘው ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ስለሆነ፣ የማዕድንን ዕድሜ የመለካት ሙያ ለመማር ከአገራችን የመሠረት ዐለት የተሻለ ቦታ ማግኘት አስቸጋሪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ጽሑፍ የጂኦሎጂ ተማሪዎች የዐለት ማዕድናትን ዕድሜ ለክተው ስለ ተራራ ግንባታ እንዴት መናገር እንደሚችሉ፣ ሌሎች አንባቢዎችም የታተመ ዕድሜ ሲያዩ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት ነገር አንድ ነው፦ መሣሪያው የሚሰጠው ቁጥር የማዕድኑ ዕድሜ እንጂ የተራራው ዕድሜ አይደለም። ተራራ ሲነሣ ዐለት ይታጠፋል፣ ይቀበራል፣ ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ከዚያም ወደ ላይ እየወጣ ይቀዘቅዛል፤ እያንዳንዱ ማዕድን ከእነዚህ ውስጥ የሚመዘግበው አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደመዘገበ ሳይታወቅ ቁጥር ብቻ ይዞ ስለ ግጭት መጻፍ አንባቢን ያሳስታል።

ለምን ዚርኮን?

ዩራኒየም በተፈጥሮው ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል። የዩራኒየም 238 ግማሹ ወደ እርሳስ 206 እስኪለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት፣ የዩራኒየም 235 ግማሹ ወደ እርሳስ 207 እስኪለወጥ ደግሞ 704 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ዚርኮን የተባለው ትንሽና ጠንካራ ማዕድን ከቅልጥ ዐለት ሲያድግ ዩራኒየምን በዚርኮኒየም ምትክ ወደ ውስጡ ያስገባል፤ እርሳስን ግን አይቀበልም። ስለዚህ ዛሬ በውስጡ የምናገኘው እርሳስ ከሞላ ጎደል እዚያው የተወለደ ነው። ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ካልደረሰበት ወይም ክሪስታሉ ካልተጎዳ በስተቀር እርሳሱን አያስወጣም። ሁለቱ የዩራኒየም አይሶቶፖች (በክብደት ብቻ የሚለያዩ የአንድ ንጥረ ነገር ዓይነቶች) በተለያየ ፍጥነት የሚለወጡ በመሆናቸው ደግሞ አንድ ቅንጣት ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ዕድሜዎች ይሰጣል፤ አንዱ የሌላው ምስክር ይሆናል። በሌሎች ዘዴዎች ይህን ያህል ውስጣዊ ማረጋገጫ አይገኝም፤ ሥራው ከዚርኮን የሚጀመረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው የሚወሰነው ሜዳ ላይ ነው

በቤተ ሙከራ የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ሜዳ ላይ በስሕተት የተመረጠን ድንጋይ አያድነውም። ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት ጥያቄያችሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉት፤ ለምሳሌ፦ «በዚህ ስፍራ ያለው እጥፋት የተፈጠረው መቼ ነው?» እጥፋት ራሱ ዕድሜ የለውም። ነገር ግን ከእጥፋቱ በፊት የነበረና አብሮ የታጠፈ ዐለት የዕድሜውን የላይኛ ወሰን፣ እጥፋቱን ቆርጦ ያለፈና ራሱ ያልታጠፈ ዐለት ደግሞ የታችኛውን ወሰን ይሰጣል። እጥፋቱ የግድ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ስለዚህ ፈልጉ መባል ያለበት የሚያምር ድንጋይ ሳይሆን አንዱ ዐለት ሌላውን የሚቆርጥበት ወይም የሚሸፍንበት ግንኙነት ነው፦ ግራናይት ንብርብሩን የቆረጠበት፣ ዳይክ፣ ማለትም በስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የረጋ ቅልጥ ዐለት፣ እጥፋቱን ያለፈበት ወይም የአሸዋ ድንጋይ በታጠፈው ዐለት ላይ በጠፍጣፋው የተኛበት ቦታ።

በትግራይ ይህ ሁሉ በአንድ አካባቢ ይገኛል። ከታች የጻልየት የእሳተ ገሞራ ዐለቶች አሉ፤ በዘመናቸው በውቅያኖስ ውስጥ የነበሩ የደሴት እሳተ ገሞራዎች ውጤት ናቸው። በላያቸው ስሌት የተባለው ከጭቃ የተፈጠረና በስሱ የሚሰነጠቅ የተምቤን ዐለትና የኖራ ድንጋይ ተደርድሯል። ሁለቱም አብረው ታጥፈዋል። ነጋሽ አጠገብ የሚገኘው ግራናይት ደግሞ እነዚህን ሰንጥቆ የገባ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ የእንጢጮ የአሸዋ ድንጋይ ሳይታጠፍ ተኝቷል። ነጋሽ ላይ ግራናይቱ ከስሌቱ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ተከትሎ በእግር የሄደ ሰው የጊዜውን ቅደም ተከተል ያለ ምንም መሣሪያ ያነባል፤ ቤተ ሙከራው የሚጨምረው ቁጥሩን ነው።

የድንጋዩ ዓይነትም ይወስናል። ግራናይትና ግራናይት መሰል ናይስ (በሙቀትና በጫና የተለወጠ ዐለት) በዚርኮን የበለጸጉ ናቸው፤ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ባዛልት ዚርኮን እምብዛም የለውም። የኖራ ድንጋይና እብነ በረድ ለዚህ ዘዴ አይሆኑም። ሺስት፣ ማለትም በስሱ የተነባበረ የተለወጠ ዐለት፣ ከሆነ ከዚርኮን ይልቅ ሞናዛይት፣ ጋርኔትና ሚካ ይፈለጉበታል። የተበላሸውንና ቀለሙ የተለወጠውን ቅርፊት በመዶሻ አንሡና ያልተበላሸውን ውስጡን ብቻ ውሰዱ። ዐለቱ ከቦታው ሳይነቀል የንብርብሩን አቅጣጫና ዝንባሌ በኮምፓስ ለኩ፣ መገኛውን በጂፒኤስ መዝግቡ፣ በናሙናው ላይ የማይለቅ ቁጥር ጻፉ፣ ግንኙነቱን ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሡ። ከአካባቢው ሰዎች ፈቃድ መጠየቅና ናሙናው ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ሕጋዊ ፈቃዱን አስቀድሞ መያዝም የሥራው አካል ነው።

ከድንጋይ ወደ ቅንጣት

ድንጋዩን ከመፍጨታችሁ በፊት አንድ ቁራጭ አስቀሩና 0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ ቁራጭ አሠሩበት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሚካዎቹ በንብርብሩ አቅጣጫ ተደርድረው እንደሆነ፣ ጋርኔቱ ንብርብሩን በውስጡ ይዞ ያደገ ወይም ንብርብሩ ዙሪያውን የተጠመጠመበት እንደሆነ ይለያል። ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ብዙዎች ይዘሉታል፤ በኋላ ግን ዕድሜውን ከክስተቱ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ድልድይ እርሱ ሆኖ ይገኛል።

ከዚያ ድንጋዩ በመፍጫ ይደቅቃል፣ በወንፊት ይነፋል፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ይያዛል። በየናሙናው መካከል መፍጫውና ወንፊቱ በብሩሽ፣ በታመቀ አየርና በአልኮል ካልጸዱ፣ ካለፈው ናሙና የቀረች አንዲት የዚርኮን ቅንጣት በአዲሱ ውስጥ ገብታ የሌለ ታሪክ ልትፈጥር ትችላለች። ቀጥሎ ያለው ሥራ ክብደትን መጠቀም ነው። ኳርትዝ ከውሃ 2.65 እጥፍ ይከብዳል፤ ዚርኮን ግን ከ4.6 እጥፍ በላይ። የደቀቀው ዱቄት በውሃ ውስጥ በሳህን ሲወዛወዝ እህል በሰፌድ እንደሚበጠር ቀላሉ እየወጣ ከባዱ ይቀራል። በአዶላ አካባቢ ወርቅ የሚያጥቡ ሰዎች ከወርቁ ጋር ሳህኑ ግርጌ የሚቀርላቸው ጥቁር አሸዋም በዚሁ መንገድ የተለየ ነው፤ በውስጡ ከማግኔታይትና ከኢልሜናይት ጋር ዚርኮንም ይገኛል።

በማግኔት ማግኔታይቱ ይወጣል፤ በኤሌክትሮማግኔት መለያ ደግሞ ጋርኔት፣ ባዮታይትና ሆርንብሌንድ ይለያሉ። የቀረው በከባድ ፈሳሽ ውስጥ ይጨመራል፤ ኳርትዝና ፌልድስፓር ይንሳፈፋሉ፣ ዚርኮን ይሰምጣል። ቀድሞ በብዛት ይሠራበት የነበረው ብሮሞፎርም መርዛማ ስለሆነ በሶዲየም ፖሊታንግስቴት ፈሳሽ መተካት ይሻላል። አፓታይትን ከዚርኮን ለመለየት ሜቲሊን አዮዳይድ የግድ ካስፈለገ ሥራው ጭስ በሚስብ ከለላ ውስጥ፣ በጓንት ይሠራ።

የመጨረሻው ለቀማ በእጅ ነው። በባለ ሁለት ዐይን ማይክሮስኮፕ ሥር፣ በአልኮል በተሞላች ሳህን ውስጥ፣ ቅንጣቶቹ በቀጭን መርፌ አንድ በአንድ ይገፋሉ። ጥሩ የግራናይት ዚርኮን ረዘም ያለ፣ ጫፉ እንደ ፒራሚድ የሾለ፣ ጥርት ያለ ነው፤ ሮዝ ወይም ቀላል ቢጫ ቀለም ይኖረዋል። ቡናማና ደብዘዝ ያለው ብዙ ዩራኒየም ይዞ ክሪስታሉ በጨረሩ የተጎዳ መሆኑን ያመለክታል። ለግራናይት ጥርት ያሉትን መምረጥ ተገቢ ነው። ለአሸዋ ድንጋይ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ ውጤቱን ያዛባል፤ ሁሉንም ዓይነት ሳይለዩ መውሰድ ያስፈልጋል።

የተለቀሙት በኤፖክሲ ሙጫ ላይ ተደርድረው እስከ ወገባቸው ይሞረዳሉና ይወለወላሉ፤ ከዚያም በካቶዶሉሚኔሰንስ፣ ማለትም በኤሌክትሮን ጨረር ሲመቱ በሚሰጡት ብርሃን፣ ፎቶ ይነሣሉ። ይህን ፎቶ ሳያዩ መለካት አይገባም። በፎቶው ላይ ከቅልጥ ዐለት ያደገ ዚርኮን እርስ በርሳቸው የሚከታተሉ ቀጫጭን ቀለበቶች ይታዩበታል። አንዳንዱ መካከሉ ላይ የተሸረሸረ የቆየ እምብርት አለው፤ ይህ ግራናይቱ ሲፈጠር ካቀለጠው የቀድሞ ዐለት የወረሰው ነው። ሌላው ደግሞ ዳር ዳሩን ቀለበት የሌለው፣ አንድ ወጥ ሽፋን ይኖረዋል፤ ይህ ሽፋን ዐለቱ ጠልቆ በተቀበረበትና በሞቀበት ጊዜ የበቀለ ሊሆን ይችላል። አንድ ቅንጣት ስለዚህ ሦስት ዘመን ሊይዝ ይችላል። ሌዘሩ እምብርቱንና ሽፋኑን በአንድ ላይ ቢመታ የሚወጣው ቁጥር በመካከል የሚገኝ፣ ምንም ነገር ያልተከሰተበት ዘመን ይሆናል።

ልኬቱ

ለመለካት ሦስት መንገዶች አሉ። ሌዘር የተገጠመለት የማስ ስፔክትሮሜትር (አይሶቶፖችን በክብደታቸው ለይቶ የሚቆጥር መሣሪያ) ፈጣንና በዋጋ ቀላል ነው፤ ከ20 እስከ 40 ማይክሮን ስፋት ያለው ጉድጓድ እየቆፈረ በአንድ ቀን በመቶ የሚቆጠሩ ነጥቦችን ይለካል፤ የስሕተት ወሰኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሽሪምፕ የተባለ መሣሪያና መሰሎቹ በአዮን ጨረር እጅግ ስስ ሽፋን ብቻ ስለሚልጡ ለቀጫጭን ጠርዞች ይመረጣሉ። ሦስተኛው፣ ሙሉ ቅንጣትን በአሲድ አሟሙቶ የሚለካው ዘዴ፣ የስሕተት ወሰኑን ወደ 0.1 በመቶና ከዚያ በታች ያወርዳል፤ ነገር ግን አድካሚ ነው፣ እምብርትና ሽፋንንም በቀላሉ አይለይም። ለተራራ ግንባታ ጥያቄ በሌዘር ጀምሮ ወሳኝ የሆኑትን ጥቂት ቅንጣቶች በአሲድ ዘዴ ማጠንከር የተሻለው አካሄድ ይመስለኛል። በየትኛውም ዘዴ ዕድሜያቸው አስቀድሞ የታወቀ መመዘኛ ዚርኮኖች፣ ለምሳሌ 1,065 ሚሊዮን ዓመት ያለው «91500» የተባለው ወይም 337 ሚሊዮን ዓመት ያለው «ፕሌሾቪትሰ» የተባለው፣ በናሙናዎቹ መካከል እየተፈራረቁ መለካት አለባቸው።

ቁጥሩን ማንበብ

ስሌቱ ቀላል ነው፦ የልጁን አይሶቶፕ (የእርሳሱን) መጠን ለወላጁ (ለዩራኒየሙ) መጠን አካፍሉ፣ 1 ደምሩበት፣ የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን ውሰዱ፣ ከዚያም በመፈራረስ ቋሚው አካፍሉ። ለዩራኒየም 238 ቋሚው በዓመት 1.55125 × 10⁻¹⁰ ነው። እርሳስ 206 ለዩራኒየም 238 ሲካፈል 0.0975 ከሆነ ዕድሜው 600 ሚሊዮን ዓመት ነው። በዚያው ቅንጣት እርሳስ 207 ለዩራኒየም 235 ሲካፈል 0.806 ከተገኘ እርሱም 600 ሚሊዮን ይሰጣል፤ ሁለቱ ተስማምተዋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆርጅ ዌዘሪል ኮንኮርዲያ ብሎ የሰየመው ጠምዛዛ መስመር ሁለቱ የሚስማሙባቸውን ነጥቦች ሁሉ የያዘ ነው፤ ነጥባችሁ በመስመሩ ላይ ካረፈ ስምምነት አለ።

አሁን ይኸው ቅንጣት በቅርብ ጊዜ፣ ዐለቱ ወደ ገጸ ምድር ከወጣ በኋላ፣ ከእርሳሱ 8 በመቶ ያህል አጥቷል እንበል። የመጀመሪያው ውጤት ወደ 0.090 ይወርድና ዕድሜው 556 ሚሊዮን ይሆናል፤ ሁለተኛው 564 ሚሊዮን ይሰጣል፤ እርሳስ 207 ለእርሳስ 206 ተካፍሎ የሚገኘው ዕድሜ ግን 600 እንደሆነ ይቆያል። በ556ና በ564 መካከል ያለው ልዩነት 1.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ በሌዘር ዘዴ ስሕተት ውስጥ ይሸሸጋል። በሥዕሉ ላይ ነጥቡ በመስመሩ ላይ ያለ ይመስላል። ተመራማሪውም «በ556 ሚሊዮን ዓመት ሁለተኛ ግጭት ነበር» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የምሥራቅ አፍሪካ ኦሮጀን በእርግጥ ወደ 550 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ ዘግይተው የመጡ ክስተቶች ስላሉበት ሐሰተኛው ቁጥር ተአማኒ ይመስላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። መከላከያው ብዙ ቅንጣቶችን መለካት፣ ዕድሜዎቹ በአንድ ቁጥር ላይ ተሰብስበው ወይም ወደ ወጣቱ ጎን ተጎትተው እንደሆነ ማየት፣ ወጣት የሆኑት ብዙ ዩራኒየም የያዙት መሆን አለመሆናቸውን መመርመር ነው። ጄምስ ማቲንሰን እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቀው ዘዴም ይረዳል፦ ዚርኮኑ በከፍተኛ ሙቀት ይጋገርና የተጎዳው ክፍል በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይወገዳል። ይህ አሲድ ሕይወትን የሚያሰጋ ስለሆነ በሠለጠነ ሰውና በተዘጋጀ ቤተ ሙከራ ብቻ ይሠራበታል።

ቶሪየም ለዩራኒየም ተካፍሎ የሚገኘው ድርሻም ይጠቅማል። ከቅልጥ ዐለት ያደገ ዚርኮን ብዙ ጊዜ ከ0.1 በላይ፣ ዐለቱ በሙቀትና በጫና በተለወጠበት ወቅት የበቀለ ሽፋን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ0.1 በታች ነው። ይህ ዝንባሌ እንጂ ሕግ ስላልሆነ ከፎቶው ተነጥሎ ለብቻው አይመስክር።

ከዚርኮን በኋላ

ዚርኮን ቅልጥ ዐለት የተረጋበትን ዘመን ሲናገር ሌሎቹ ማዕድናት የተራራውን ሌላ ሕይወት ይናገራሉ። ጋርኔት ሉቴቲየም ወደ ሃፍኒየም ወይም ሳማሪየም ወደ ኒዮዲሚየም በሚለወጥበት ዘዴ ሲለካ ዐለቱ የተቀበረበትንና ጫና ያየበትን ጊዜ ያሳያል። ሞናዛይት ከስስ ቁራጩ ላይ ሳይነቀል ሊለካ ስለሚችል በሚካ ንብርብር ውስጥ ያደገውን በጋርኔት ውስጥ ከተዘጋው ለይቶ ማስላት ይቻላል፤ ንብርብሩን ራሱን ለመለካት ከዚህ የቀረበ መንገድ የለም።

ለመቀዝቀዝ ፖታሲየም 40 ወደ አርጎን 40 የሚለወጥበት ሂደት ያገለግላል፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ናሙናው በኒውክሌር ማብለያ ውስጥ በኒውትሮን ይመታና በደረጃ እየሞቀ አርጎኑ ይለካል። አርጎን ጋዝ ስለሆነ ማዕድኑ ትኩስ ሳለ ያመልጣል፤ መጠራቀም የሚጀምረው ሆርንብሌንድ ላይ በ500፣ ሙስኮቫይት ላይ በ400፣ ባዮታይት ላይ በ300 ዲግሪ ገደማ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ ከአንድ ዐለት ሆርንብሌንዱ 610፣ ባዮታይቱ 590 ሚሊዮን ዓመት ቢሰጥ፣ ዐለቱ በ20 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ 200 ዲግሪ ቀዝቅዟል ማለት ነው። በየኪሎ ሜትሩ ጥልቀት ሙቀቱ 30 ዲግሪ የሚጨምር ከሆነ፣ ዐለቱ ወደ ላይ የወጣው በዓመት አንድ ሦስተኛ ሚሊ ሜትር በሚያህል ፍጥነት ነው። ይህ ለተራራው መፍረስ የሚሰጥ ግምት እንጂ ለመነሣቱ የሚሰጥ ዕድሜ አይደለም።

ተራራው ከተሸረሸረ በኋላ ደግሞ ዚርኮኖቹ በደለል ውስጥ ይቀራሉ። የእንጢጮ የአሸዋ ድንጋይ በኦርዶቪሽያን ዘመን፣ ከ485 እስከ 444 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ፣ የተከማቸ ሲሆን በውስጡ የዚህ ሰንሰለት ዕድሜ ያላቸው ቅንጣቶች፣ እንዲሁም ወደ 1 ቢሊዮን ዓመት የሚጠጉ ከሩቅ የመጡ ቅንጣቶች ተገኝተውበታል። ከደለል ሲለካ ቁጥሩ ብዙ መሆን አለበት፦ ከጠቅላላው 5 በመቶ የሚሆን ምንጭ እንዳያመልጠን 95 በመቶ እርግጠኛ ለመሆን 117 ያህል ቅንጣቶች ያስፈልጋሉ።

ወሰኖቹን ማጥበብ

የትግራዩን ጥያቄ አሁን መመለስ ይቻላል። በተምቤን ደለሎች አናት የሚገኘው የነጋሽ ዐለት በረዶ ያጓጓዛቸውን ጠጠሮች የያዘ ሲሆን ከ717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጀመረው ዓለም አቀፍ የበረዶ ዘመን ጋር ይያያዛል። እርሱም ታጥፏል፤ ስለዚህ እጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው። የነጋሽ ግራናይት ወደ 608 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ሲሆን የገባው ዋናው እጥፋት ሲያበቃ ወይም ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። ግጭቱ በእነዚህ መካከል ወደቀ። በኦርዶቪሽያን የአሸዋ ድንጋዩ በጠፍጣፋ መሬት ላይ ስለተኛ ተራራው እስከዚያ ድረስ ተሸርሽሮ አልቋል። በደቡብ ግን ሥራው ረዘም ብሏል፤ በአዶላ ቀበቶ ታንታለም የተባለ ብረት የሚገኝበት የቀንጢቻ ፔግማታይት (ትላልቅ ክሪስታሎች ያሉት ግራናይት መሰል ዐለት) 530 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የሰሜኑን ዕድሜ በቀጥታ ለደቡቡ መስጠት እንደማይቻል ከዚህ ይታያል፤ እያንዳንዱ ቀበቶ የራሱ ወሰን ሊለካለት ይገባል።

ውጤቱ ሲጻፍ ከዕድሜው ጋር የስሕተት ወሰኑና የእርግጠኝነቱ ደረጃ፣ ስንት ቅንጣት ተለክቶ ስንቱ ለምን እንደተጣለ፣ በዚያው ቀን መመዘኛ ዚርኮኖቹ የሰጡት ዕድሜ፣ እያንዳንዱ ነጥብ የተመታበት ፎቶ፣ የናሙናው መገኛና የንብርብሩ ልኬት አብረው ይቅረቡ። «ይህ ዕድሜ የመርጋት፣ የመለወጥ ወይም የመቀዝቀዝ ነው» የሚለው ውሳኔ ከነማስረጃው ለብቻው ይጻፍ፤ ሌላ ሰው ቁጥሩን ተቀብሎ ትርጓሜውን ሊከራከር እንዲችል። ያልተፈጨው የድንጋዩ ግማሽና የተለካው ኤፖክሲ ደግሞ በቁጥራቸው በዩኒቨርሲቲው ክምችት ክፍል ይቀመጡ፤ የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ያው ቅንጣት እንደገና ሊለካ ይችላል።